ባለማወቅ ላይ የተሰጠ ቃል

የኢንሹራንስ ኩባንያ የሚኖረው የሌላውን ሰው ስጋት ተሸክሞ ዋጋ በመቀበል ነው። ይኸው ኩባንያ ግን በየዓመቱ ከሰበሰበው አረቦን ላይ ቆርሶ፣ ከተሸከመው ስጋት ከፊሉን እንዲሸከምለት ለሌላ ኩባንያ ይከፍላል። ጠለፋ መድን ወይም ሪኢንሹራንስ የሚባለው ይህ ነው። ለአክቹዋሪነት (ለመድን ስሌት ሙያ) ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ምክንያቱን ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ከአቅሙ በላይ የሆነ ትልቅ ውል ለመቀበል፣ የዓመት ውጤቱ ከፍና ዝቅ እንዳይል፣ ከጅምላ አደጋ ለመትረፍ፣ የካፒታሉን ጫና ለማቅለል፣ የጠለፋ መድን ሰጪውን ዕውቀት ለመጋራት። ሁሉም እውነት ናቸው፤ ነጥብም ያስገኛሉ። ግን የሚነግሩን ግዢው ምን እንደሚያስገኝ ነው፤ ለምን የግድ መገዛት እንዳለበት አይነግሩንም። ነገሩ የሚከብደው ሒሳቡ ሲታይ ነው። ጠለፋ መድን ሰጪው ወጪውንና ትርፉን በአረቦኑ ላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ በረጅም ዘመን አማካይ ሲሰላ ገዢው የሚከፍለው ከሚቀበለው ይበልጣል። አማካይን በማስላት እንጀራውን የሚበላ ድርጅት፣ በአማካይ የሚያከስረውን ግብይት እያወቀ በየዓመቱ የሚፈጽመው ለምንድን ነው?

የእኔ መልስ ከቃል ይነሳል። መድን ሰጪ ከቃል በቀር የሚሸጠው ዕቃ የለውም። ዛሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ በምትኩ ጉዳት በደረሰብህ ቀን አለሁልህ የሚል ወረቀት ይሰጣል። እንዲህ ያለው ቃል ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ግምቴ ከሠመረ እከፍላለሁ የሚል ነው፤ ሁለተኛው እከፍላለሁ ብሎ እዚያው የሚያቆም። ቤቱን ወይም መኪናውን መድን ያስገባ ሰው የገዛው ሁለተኛውን ነው። የኩባንያው አክቹዋሪ ሠንጠረዡን በትክክል ሠርቶት እንደሆነ የሚመረምርበት መንገድ የለውም፤ መመርመርም አይጠበቅበትም። እንግዲህ ኩባንያው ካሳውን መክፈል የሚችለው ስሌቱ ልክ ከሆነ ብቻ ከሆነ፣ የሸጠው ሁለተኛውን ቃል፣ በእጁ ያለው ግን የመጀመሪያውን ነው ማለት ነው። ጠለፋ መድን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጉድለት ይሞላል፤ ሰው ነገን ባለማወቁ ምክንያት ቃሉ እንዳይታጠፍ አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት ነው። ስለዚህ የጠለፋ መድን ግዢ የብልህ ነጋዴ ምርጫ ከመሆኑ በፊት የቃል ሰጪ ግዴታ ነው ብዬ እከራከራለሁ። አባባሉ ብዙ ተቃዋሚ አለው፤ ጠንካራውም የሚመጣው ከሙያው ከራሱ እምብርት ነው።

የሒሳብ ሊቁ ያዕቆብ በርኑሊ ከሞተ በኋላ በ1713 በታተመው መጽሐፉ (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያረጋገጠው፣ ፖይሶን ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ ብሎ የሰየመው እውነት፣ አንድ ቤት ይቃጠል አይቃጠል ባይታወቅም ከብዙ ሺህ ቤቶች ስንቱ እንደሚቃጠል ግን በቅርብ ግምት ይታወቃል ይላል። ተቃዋሚው ይህን ይዞ ይመጣል፦ መድን ሰጪ አያውቅም አትበሉ፣ ማወቁ ነው ሥራው፤ ብዙ ውል ከያዘ ሌላ ደጋፊ ምን ያደርግለታል? በቁጥር እንየው። 10,000 ቤቶች እያንዳንዳቸው በ1 ሚሊዮን ብር መድን ቢገቡ፣ በዓመት የመቃጠል ዕድላቸውም ከ1,000 አንድ ቢሆን፣ የሚጠበቀው ቃጠሎ 10 ቤት፣ ካሳውም 10 ሚሊዮን ብር ነው። የአንዱ ቃጠሎ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቱ ከአማካዩ የሚርቅበት የተለመደ ልክ) ከ3 ቤት ብዙም አይበልጥም። 20 ሚሊዮን ብር ያዘጋጀ ኩባንያ ገንዘቡ የማይበቃው ከሺህ ዓመት በሁለቱ እንኳ አይደለም። እስከዚህ ተቃዋሚው ልክ ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ በማንኛውም ሁለት ቤቶች መካከል 1 በመቶ ብቻ የሆነ ቁርኝት ይኑር። ሠፈሩ አንድ ነው፣ ነፋሱ አንድ ነው፣ መሬቱ አንድ ነው። አማካዩ ንቅንቅ አይልም፤ አሁንም 10 ቤት ነው። ቫሪያንሱ ግን 101 እጥፍ ያህል ያድጋል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ከ3 ወደ 32 ቤት ገደማ ይዘላል። ያ ምቹ የነበረ 20 ሚሊዮን ብር አሁን ዋስትና ሊባል አይችልም። የባሰው ግን ሌላ ነው። ቤቶቹን ከ10,000 ወደ 1 ሚሊዮን ብናሳድጋቸው እንኳ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከአማካዩ ሦስት እጥፍ በታች አይወርድም። ሕጉ አልተሻረም፤ የቆመበት ነጻነት ግን ከሥሩ ተነቅሏል፤ ደንበኛ ማብዛትም መፍትሔ መሆኑ ቀርቷል።

ሐምቡርግ ይህን የተማረችው በእሳት ነው። የከተማዋ የእሳት ካሳ ተቋም ከ1676 ጀምሮ የነበረ፣ በዓለም ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ከግንቦት 5 እስከ ግንቦት 8 ቀን 1842 የነደደው ቃጠሎ የመሐል ከተማውን ሰፊ ክፍል ሲበላ፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲከፍል የኖረው ተቋም ካሳውን ከራሱ ሣጥን ሊያወጣ አልቻለም፤ ከተማዋ መበደር ነበረባት። ተቋሙ ስንፍና አልነበረበትም፤ የመዘገባቸው ቤቶች ሁሉ በአንድ ከተማ መሆናቸው ነው የጎዳው። በእኛ ዕድር አንድ ቤት ሲያዝን ሌሎቹ መጥተው ድንኳኑን ይተክላሉ፤ ሠፈሩ በሙሉ ባዘነ ቀን ግን ድንኳኑን የሚተክል እጅ የሚመጣው ከሌላ ሠፈር ብቻ ነው። ከዚያ ቃጠሎ ማግሥት በኮሎኝ የተጠነሰሰውና በ1852 ሥራ የጀመረው ኩባንያ፣ ራሱን ችሎ ጠለፋ መድን ብቻ በመሥራት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። በስዊዘርላንድም በ1861 የግላሩስ ከተማ ተቃጥላ የአገሩ መድን ሰጪዎች አቅም ማነሱ ከታየ በኋላ፣ በ1863 መጨረሻ ዙሪክ ላይ ስዊስ ሪ ተመሠረተ። የሁለቱም አወላለድ አንድ ነገር ይመሰክራል፦ የተፈለገው ከሐምቡርግ ጋር የማይቃጠል፣ ከግላሩስ ጋር የማይከስም ገንዘብ ነበር።

ቁርኝት አንዱ የአለማወቅ ዓይነት ነው። ሌላው ከዚያ ይልቅ የተደበቀ ነው፤ ተማሪዎችም ፈጥነው የሚያልፉት እሱን ይመስለኛል። ከላይ የመቃጠል ዕድል ከ1,000 አንድ ነው ብለን ተነሳን። ማን ነገረን? ካለፈው መዝገብ ገምተነው ነው። እውነተኛው ከ1,000 ሁለት ቢሆን፣ አዲስ የተሸጠ ውል ሁሉ ስሕተቱን ያባዛዋል እንጂ አያለዝበውም። ብዛት የሚያስተካክለው የዕጣውን ውጣ ውረድ ነው፤ ዕጣው ራሱ በምን ሚዛን እንደተሠራ አለማወቃችንን አያድነውም። ኢኮኖሚስቱ ፍራንክ ናይት በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሊለካ የሚችለውን ስጋት ሊለካ ከማይችለው አለማወቅ የለየው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። የአስቤስቶስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በአሜሪካ ለፋብሪካዎች የኃላፊነት መድን የሸጡ ኩባንያዎች፣ ሠራተኛው የተነፈሰው ብናኝ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በሽታ ሆኖ፣ በሽታው ክስ ሆኖ፣ ክሱ ካሳ ሆኖ ሲመጣባቸው፣ አረቦኑን ያሰሉበት ሠንጠረዥ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ስሌታቸው የሒሳብ ስሕተት አልነበረበትም፤ ዓለሙ ገና ያልገለጠው ነገር ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቃሉን የሚያድነው በሌላ አገር፣ በሌላ የሥራ ዘርፍ፣ በሌላ ግምት ላይ የተመሠረተ ሀብት ነው፤ የአንዱ ስሕተት የሁሉም ስሕተት የማይሆንበት ቦታ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው። ይሁን፣ አለማወቅ አለ፤ ግን በአማካይ የሚያከስር ነገር ለምን ይገዛል? ለዚህ በጣም ያረጀ መልስ አለ። የያዕቆብ የወንድሙ ልጅ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ባሳተመው ጽሑፍ ካዩስ የተባለ የፒተርስበርግ ነጋዴ አለ። ከአምስተርዳም በመርከብ የሚያስመጣው ሸቀጥ ሲደርስ 10,000 ሩብል ያወጣል፤ በዚያ ወቅት ከ100 መርከቦች 5ቱ ይጠፋሉ፤ መድኑን የሚሰጠው ሰው ደግሞ 800 ሩብል ይጠይቃል። የሚጠበቀው ኪሳራ 500 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ውድ ነው። በርኑሊ የገንዘብ ጥቅም የሚመዘነው ከባለቤቱ ሀብት አንጻር ነው ብሎ ሲያሰላ፣ ካዩስ ከሸቀጡ ሌላ ያለው ሀብት ከ5,043 ሩብል በታች ከሆነ በዚያ ውድ ዋጋም ቢሆን መግዛቱ ልክ ነው አለ። ቀጥሎ ያለው ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል፦ መድኑን የሚሰጠውም ሰው ቢያንስ 14,243 ሩብል ከሌለው 800 ሩብሉን መቀበል የለበትም። ሚዛኑ ለሁለቱም አንድ ነው። 10,000 ሩብል ብቻ ያለው መድን ሰጪ ውሉን እምቢ ማለት አለበት፤ መቀበል ከፈለገ ደግሞ ከፊሉን ለሌላ ማካፈል አለበት። ካዩስን መድን እንዲገዛ ያደረገው ምክንያት አንድ እርከን ከፍ ብሎ መድን ሰጪውን ጠለፋ መድን ያስገዛዋል።

ግን ኩባንያ ነጋዴው ካዩስ አይደለም የሚል የዘመናችን የፋይናንስ ምሁር ይነሳል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። የኩባንያው ባለቤቶች አክሲዮናቸውን በብዙ ድርጅቶች በትነው ይይዛሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። ኢኮኖሚስቶቹ ሞዲልያኒና ሚለር በ1958 ከጻፉት ወዲህ በተለመደው አስተሳሰብ፣ ባለአክሲዮኑ በራሱ በነጻ ሊያደርገው የሚችለውን ስጋት ማከፋፈል ኩባንያው ገንዘብ ከፍሎ ቢያደርግለት ምንም አይጨምርለትም። ኃላፊነቱም የተወሰነ ስለሆነ ከሁሉ በከፋው ቀን የሚያጣው የአክሲዮኑን ዋጋ ብቻ ነው። ይህን ክርክር በሙሉ እቀበላለሁ፤ የሚያረጋግጠው ግን የእኔን ነጥብ ነው። ባለአክሲዮኑ ጠለፋ መድን አያስፈልገውም። ቃሉ የተሰጠው ግን ለባለአክሲዮኑ አይደለም። በደጉ ዓመት ትርፉን የሚወስድ አንድ ሰው፣ በክፉው ዓመት ከካፒታሉ የተረፈውን ጉዳት የሚሸከም ሌላ ሰው ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰው ሳያውቀው ጠለፋ መድን ሰጪ ሆኗል፤ ያውም ያለ አረቦን። አንድሪው የተባለው አውሎ ነፋስ በነሐሴ 1992 ፍሎሪዳን ሲመታ ኢንሹራንስ የሸፈነው ጉዳት 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ከ10 የማያንሱ ኩባንያዎችም ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ወደቁ። ጣሪያቸው የተገነጠለባቸው ደንበኞች መድን ገዝተናል ብለው ነበር። ስለዚህ ጠለፋ መድን በአማካይ ያከስራል የሚለው ስሌት መነሻው ላይ ጉድለት አለበት። የሚያነጻጽረው ከምን ጋር ነው? የመክሰር ዕድል ያለበትን ቃል በሙሉ ቃል ዋጋ ከሸጠ ኩባንያ ገቢ ጋር። ለጠለፋ መድን የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ መጀመሪያውኑ የቃሉ ዋጋ አካል ነበር፤ ያልከፈለው ኩባንያ አላተረፈም፣ ከደንበኛው ወስዷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ጎን የሚመጣ ነው። ይህ ነገር ኃላፊነትን ለሌላ ማሸጋገር አይደለም ወይ? ቃሉን ሰጥተህ፣ ቃሉን መልሰህ ሸጠህ፣ በመካከል ያለውን ልዩነት ኪስህ ማስገባት። የእንግሊዝ ፓርላማ ይህን ፈርቶ ነበር። በ1745 በወጣው የባሕር መድን ሕግ፣ መድን ሰጪው ካልሞተ፣ ካልከሰረ ወይም ዕዳውን መክፈል ካላቃተው በቀር ጠለፋ መድን እንዳይገዛ ተከልክሎ፣ ክልከላው እስከ 1864 ቆይቷል። ሕግ አውጪዎቹ ያዩት በአረቦን ልዩነት የሚቆምሩ ሰዎችን ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። መፍትሔው ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አልነበረም። እስካሁን ከሚታወቁት የጠለፋ መድን ውሎች ሁሉ የሚቀድመው በ1370 ጄኖቫ የተጻፈው ነው፤ ጉዞው ከጄኖቫ በፍላንደርስ ወደምትገኘው ወደ ስሉይስ ወደብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መድን ሰጪ የሜዲትራኒያኑን መንገድ እስከ ካዲዝ በራሱ ይዞ ከዚያ ወዲያ ያለውን አደገኛ የአትላንቲክ ጉዞ ለሌላ አሳልፏል። የሚችለውን ይዟል፤ የማይችለውን አካፍሏል። ይህ በራስ የሚያዝ ድርሻ የሚባለው ነገር ቁማርተኛውን ከቃል አክባሪው የሚለይ ይመስለኛል። ሁሉን የሚያሳልፍ ሰው ደላላ ሆኗል፤ ውሉን ሲመርጥ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አይኖረውም። የሒሳብ ሊቁ ብሩኖ ዴ ፊኔቲ በ1940 ያጠናው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ከእያንዳንዱ ውል ምን ያህሉ በራስ ይያዝ? በሕጉ በኩል ደግሞ አንድ የጸና መርህ አለ፤ ጠለፋ መድን የሁለቱ ኩባንያዎች ጉዳይ ነው፣ ለተጎዳው ሰው ሙሉ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ቃሉን የሰጠው የመጀመሪያው መድን ሰጪ ነው። ጠለፋ መድን ሰጪው ቢከስር እንኳ ካሳው አይቀርም። ቃል ለሌላ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ቃሉን የመፈጸሚያው ሸክም ነው።

ከሁሉ የበለጠ ፍልስፍና ያለበት ተቃውሞ መጨረሻ የለሽነት ነው። መድን ሰጪው ዋስ ካስፈለገው ዋሱስ? ጠለፋ መድን ሰጪዎችም በተራቸው ሪትሮሴሽን የሚባል መድን ይገዛሉ፤ የዚያስ ሻጭ? ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ምሰሶ ከሌለ ሁሉም አየር ላይ ነው ይባላል። ይህን ተቃውሞ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው የለንደኑን የመድን ገበያ የሎይድስን የ1980ዎቹ ታሪክ ይመልከት። በዚያ ገበያ ሲንዲኬቶች (ስጋትን በጋራ የሚቀበሉ የአባላት ቡድኖች) አንዱ የሌላውን ከፍተኛ ጉዳት በኤክሰስ ኦፍ ሎስ (ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን ጉዳት በሚሸፍን) ውል ይሸፍኑ ነበር፤ ሽፋኑን የሰጠው ደግሞ ከሦስተኛው ይገዛል፤ ሦስተኛውም ዞሮ ከመጀመሪያው። ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ መድረክ ፈንድቶ 167 ሰዎች ሲሞቱ፣ ያው አንድ ጉዳት በዚህ ክብ ውስጥ ደጋግሞ ዞረ፤ በየደረጃው የተጠየቀው ካሳ ሲደመር ከእውነተኛው ጉዳት ብዙ እጥፍ ሆነ። መጨረሻ ላይ ሸክሙ ተሰራጭቶ አልተገኘም፤ ሽፋናቸው ባለቀ ጥቂት ሲንዲኬቶች ላይ ተከመረ፤ ያለ ገደብ በንብረታቸው የሚጠየቁ አባሎቻቸውም ብዙዎቹ ደኸዩ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሰንሰለት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ሰንሰለቱ ክብ ሲሆን ማንም አልተጨመረም፤ ወረቀት ብቻ ተጨምሯል። ካርል ቦርክ በ1962 ስለ ጠለፋ መድን ገበያ በጻፈው ጥናት፣ በተሟላ ገበያ ውስጥ እያንዳንዱ የሚይዘው ከሁሉም ስጋት ድምር የሚደርሰውን ድርሻ እንደሆነ አሳይቷል። በዚህ ሥዕል ውስጥ የመጨረሻ ዋስ የለም፤ አያስፈልግምም። ጥያቄው ከበላይ ማን አለ ሳይሆን ምን ያህል አዲስ ትከሻ ገብቷል ነው። ያ ደግሞ ማለቂያ የለውም አይባልም፤ ትከሻው ባለቀበት ቦታ ያበቃል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሃይማኖተኛው ሰው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ነገ የፈጣሪ ነው፤ ለማይታወቅ ነገ መድን፣ ለመድኑም መድን መግዛት በእሱ አለመታመን አይሆንም ወይ? አይመስለኝም፤ እንዲያውም የነገን ባለቤትነት የሚጋፋው ያለ ጠለፋ መድን ሙሉ ቃል የሚሰጠው ነው። ስሌቴ አይሳሳትም እያለ ነውና። መጽሐፈ መክብብ ድርሻን ለብዙዎች ስለ ማካፈል ሲመክር ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው የሚመጣውን ክፉ ነገር አለማወቃችንን ነው፤ አለማወቅ እዚያ ለመቀመጥ ሰበብ አልሆነም፣ ለማካፈል ትእዛዝ ሆነ። በእስልምና በኩል ያለው ክርክር የበለጠ የተብራራ ነው። ብዙ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት የንግድ መድንን የሚቃወሙት በውሉ ውስጥ ባለው ገረር፣ ማለትም ከመጠን ባለፈ እርግጠኛ አለመሆን፣ እንዲሁም በወለድና በቁማር መልክ ነው። በምትኩ የቆመው ታካፉል አባላቱ መዋጮአቸውን ለጋራ ቋት ሰጥተው እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ነው፤ አገራችንም በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ፈቅዳዋለች። ልብ የሚባለው ይህ ነው፦ ታካፉልም ለራሱ ሪታካፉል (የታካፉል ጠለፋ መድን) አስፈልጎታል። የሪታካፉል አቅም ባልበቃባቸው ዘመናትም የሸሪዓ ቦርዶች ከመደበኛ ጠለፋ መድን ሰጪዎች ጋር መዋዋልን በአስገዳጅ ፍላጎት ምክንያት፣ በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። የትርፍን ምክንያት ከሥሩ ያወጣው ሥርዓት እንኳ ያንኑ በር ማንኳኳቱ፣ ፍላጎቱ ከትርፍ የሚመነጭ እንዳልሆነ ያሳያል። በጋራ ቋት ውስጥ ያለ ወንድማማችነትም ቋቱን የሚያደርቅ ዓመት ይመጣበታል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ተቃውሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። በብር የተሰበሰበ አረቦን ወደ ዶላር ተለውጦ ወደ ለንደን፣ ወደ ሙኒክ ወይም ወደ ናይሮቢ ሲሄድ፣ ድኻ አገር ለሀብታም አገር ኩባንያ የምትገብር ይመስላል። አፍሪካ ሪ በ1976 በያውንዴ ስምምነት የተቋቋመው፣ የኢትዮጵያ ሪኢንሹራንስ አክሲዮን ማኅበርም በ2016 ሥራ የጀመረው፣ በከፊል ይህን ፍሰት ለመቀነስ ነው፤ የአገር ውስጥ ኩባንያዎችም ከውላቸው የተወሰነ ድርሻ እንዲያስተላልፉለት ግዴታ አለባቸው። ዓላማው ተገቢ ነው፤ ዕውቀትም ካፒታልም እዚሁ ይገነባል። ግን ብሩ እዚህ ቀረ ማለት ስጋቱም እዚህ ቀረ ማለት እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ሲሰማ፣ የአገሪቱ ሕንፃና ንብረት መድን እጅግ የሚበዛው በምን ላይ እንደቆመ አስታውሷል፤ በአንድ ከተማ፣ በስምጥ ሸለቆው ጫፍ። የአገር ውስጡ ጠለፋ መድን ሰጪ ባለቤቶች ደግሞ በአብዛኛው እነዚያው ኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ባንኮች ናቸው፤ ባንኮቹ በብድር መያዣነት የያዙት እነዚያኑ ሕንፃዎች ነው። ትልቅ ጉዳት ቢመጣ መድን ሰጪው፣ ዋሱና የዋሱ ባለቤት በአንድ ሌሊት አብረው ይመታሉ። ሐምቡርግ ይህን በ1842 አይታዋለች። ስለዚህ መለስተኛና ተደጋጋሚ ጉዳትን በአገር ውስጥ መያዝ፣ ብርቅና ግዙፍ የሆነውን ግን ወደ ውጭ ማውጣት ከአገር ፍቅር ጋር አይጣላም፤ የአገር ውስጡ ጠለፋ መድን ሰጪም በተራው ከውጭ ሽፋን የሚገዛው ለዚህ ነው። በአደጋው ቀን የሚመጣው ዶላር ከሚወጣው ይልቅ የሚያስፈልገን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ስሌት አያስፈልግም።

ወደ ትከሻው ማለቂያ ልመለስ፤ ክርክሬ የሚፈተነው እዚያ ነውና። ጠለፋ መድን የቃሉ አካል ከሆነ፣ ጠለፋ መድኑ በተወሰደ ጊዜ ቃሉም አብሮ መሄድ አለበት፤ ትርፍ ማስተካከያ ብቻ ከሆነ ግን ኩባንያዎቹ ዋጋ ጨምረው መሸጣቸውን ይቀጥላሉ። ታሪክ ይህን ፈተና አንድ ጊዜ በግልጽ አድርጎታል። መስከረም 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን የደረሰው ጥቃት ካስከተለው የመድን ካሳ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የከፈሉት ጠለፋ መድን ሰጪዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት የሽብር ጥቃት በአሜሪካ የንግድ ንብረት ውሎች ውስጥ ተለይቶ ዋጋ ሳይወጣለት ተካትቶ ይሸጥ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ውሎች ሲታደሱ ጠለፋ መድን ሰጪዎች ሽብርን ከሽፋናቸው አወጡ፤ ዕድሉንም መጠኑንም መገመት አንችልም አሉ። የመጀመሪያዎቹ መድን ሰጪዎች ምን አደረጉ? ሽብርን እነሱም ከውላቸው ለማውጣት ተጣደፉ፤ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችም ፈቀዱላቸው። ሽፋኑ ሲገኝም ውድና ጠባብ ነበር፤ ትልልቅ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች አበዳሪ የሚጠይቀውን መድን አጥተው ተቸገሩ። ኩባንያዎቹ ያኔም ካፒታል ነበራቸው፤ የጎደላቸው እከፍላለሁ ብለው እዚያው የሚያቆሙበት ድጋፍ ነበር፤ እሱ ሲጎድል ዝም ማለታቸው ካደረጉት ሁሉ ሐቀኛው ይመስለኛል። በኅዳር 2002 የአሜሪካ መንግሥት ሕግ አውጥቶ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን የሽብር ጉዳት ከኩባንያዎቹ ጋር ለመካፈል ቃል ገባ፤ በዚያው ሕግም ኩባንያዎቹ የሽብር ሽፋን እንዲያቀርቡ ተገደዱ። ለሦስት ዓመት ታስቦ የወጣው ያ ሕግ በተደጋጋሚ ታድሶ እስከ 2027 መጨረሻ ተራዝሟል። ገበያው ያለ እሱ ብቻውን ለመቆም የሚችልበትን ዋጋ ግን እስካሁን ያገኘ አይመስልም።